ሰርቨሩ ሲሄድ ቁልፉ በማን እጅ ይቀራል?

ደሴ ላይ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን ዋላችሁ። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታችሁ የመጣችሁም፣ ከዚሁ ከፒያሳና ከሰኞ ገበያ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሥራ ሰዓታችሁ ነው፤ ወሬ አላበዛም።

ሥራዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ። የነጋዴ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ የቢሮውን ፋይል ሁሉ የሚይዘውን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚባለውን፣ እተክላለሁ፣ የጠፋ ፋይል እፈልጋለሁ። ዛሬ የማወራው ግን ከመጽሐፍ ያገኘሁትን አይደለም። በሁለት ዓመት ውስጥ በሁለት ሱቅ ያየሁትን ነው።

የመጀመሪያው በ2014 ነው። ኅዳር አልቆ ከጦርነቱ ሽሽት ወደ ከተማችን ስንመለስ፣ አንድ የሕንፃ ዕቃ የሚያከፋፍል ደንበኛዬ ቤቴ ድረስ መጣና ይዞኝ ሄደ። በሩ ተሰብሯል። ጠረጴዛው ሥር የነበረው ሰርቨር የለም። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤሱም የለም። ገመዶቹ ብቻ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥለዋል። ሰውዬው ስለ ማሽኑ ዋጋ አንዲት ቃል አልተናገረም። «ማሽኑስ ይሂድ፤ የሰዉ ዱቤ እዚያ ውስጥ ነበር» አለኝ። ባክአፕ፣ ማለትም የፋይሉ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ነበረው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝቼ ራሴ ነኝ ያዘጋጀሁለት። ግን የሚቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ነበር፤ አብሮ ሄደ። ያንን ቦታ ሳየው ምን እንደተሰማኝ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ በኋላ ለወራት ደንበኞቹን አንድ በአንድ እየዞረ «ምን ያህል ነበረብህ?» ብሎ ጠየቀ። አላህን የሚፈራ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ራሱ መጥቶ ከፈለ። የቀረውም ቀረ።

ከዚያ በኋላ እኔም ደንበኞቼም «ትምህርቱ ገብቶናል፤ ሁሉም ወደ ክላውድ ይሂድ» አልን፤ ፋይሉ በኢንተርኔት በሚደረስበት በሌላ ድርጅት ማሽን ላይ ይቀመጥ ማለት ነው። ብዙ ሰው አዛወርኩ። ከእነዚህ አንዷ መድኃኒት ቤት ያላት እህት ነች። የመድኃኒቱ ዝርዝር፣ ዋጋው፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ሁሉም በብራውዘር የሚከፈት ሲስተም ላይ ገባ። ሱቁ ውስጥ ሰርቨር የሚባል ነገር አልቀረም። ኢንተርኔቷ ሲም ካርድ ከሚገባባት ትንሽ ዋይፋይ ነበር። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ያን ቀን ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት ነጭ ገጽ ብቻ መጣ። ሰው ወረፋ ይዟል። ደውላ ጠራችኝና «ዕቃዬ መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ስንት እንደሆነ ግን አላውቅም» አለችኝ። በደብተር ጀመረች። የሳምንት ነገር መስሎን ነበር። ስንት ወር እንደቆየ እናንተም ታውቁታላችሁ።

በ2014 ማሽኑ ሄደ። በ2015 መንገዱ ተዘጋ። በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ብታነቡ «ሰርቨሩን አጥፉት፣ ሁሉንም ወደ ክላውድ ውሰዱ» ይላችኋል። ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴ ይህ ምክር ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ እኛው መጨመር አለብን።

ክላውድ ማለት በቀላሉ የኪራይ መጋዘን ነው ብላችሁ ያዙት። ዕቃችሁን ከጓዳችሁ አውጥታችሁ ሌላ ቦታ ታስቀምጣላችሁ። መጋዘኑ ዘበኛ አለው፣ ጄኔሬተር አለው፣ ማቀዝቀዣ አለው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ በመጋቢት ሙቀት ሰርቨር ያለው ሰው ያውቀዋል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቅዝቃዜው ለማሽን ይመቻል፤ መብራቱ ግን ለሁላችንም አንድ ነው። እንግዲህ የኪራይ መጋዘን ሦስት ነገር ይፈልጋል። ኪራይ አለው፣ መንገድ አለው፣ ቁልፍ አለው። ሰው ሁሉ ስለ ኪራዩ ይጠይቀኛል። ስለ ቁልፉ የሚጠይቀኝ የለም። እኔ ደግሞ ሰው ሲጎዳ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ በቁልፉ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የጅምላ ነጋዴ አለ። ድርጅቱ በራሱ ስም ኢሜይል ነበረው፤ ድረ ገጽም ነበረው። ሁሉንም ያዘጋጀለት አንድ ጎበዝ ልጅ ነው። ጎበዝ ስል ከልቤ ነው፤ ሥራው ንጹሕ ነበር። ልጁ የድርጅቱን የኢንተርኔት ስም፣ ዶሜይኑን፣ ሲያስመዘግብ በራሱ ጂሜይል አስመዘገበ። ዋናውን የአስተዳዳሪ አካውንት በራሱ ስልክ አሰረው። ክፋት የለውም፤ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅለት ነው። ከዚያ እንደ ብዙ የወሎ ልጅ ወደ ዓረብ አገር ሄደ። ሲሙ ሞተ። ያንን ጂሜይል ማየት አቆመ። ዓመቱ ሲደርስ «ዶሜይንዎን ያድሱ» የሚለው መልእክት ማንም በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ገባ። አንድ ጠዋት የድርጅቱ ኢሜይል ጠፋ። አዲስ አበባ ያሉ አቅራቢዎች የላኩት ሁሉ ይመለስባቸዋል። ነጋዴው መጀመሪያ ኢንተርኔት የተበላሸ መስሎት ነበር።

እንዴት አገኘነው? በኮምፒውተር አይደለም። ሰፈር ለሰፈር ጠይቀን የልጁን እናት አገኘን። እሳቸው በኢሞ ደወሉለት። ልጁ ደንግጦ ሌሊቱን ተነሥቶ ከእኛ ጋር ሠራ። ዶሜይን ጊዜው ካለፈ በኋላ ጥቂት የምሕረት ሳምንታት አሉት፤ እነሱ ሳያልቁ ደረስን። ባንደርስ ኖሮ ስሙን ሌላ ሰው ሊገዛው ይችል ነበር።

ስለዚህ ከማንኛውም ዝውውር በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። በማን ስም ነው? ዶሜይኑ በማን ስም ነው? የአስተዳዳሪው አካውንት በማን ስም ነው? ኮዱ የሚመጣው በማን ስልክ ነው? የሚከፈለው በማን ካርድ ነው? ለአንዱም ቢሆን መልሱ «ያ ልጅ ያውቃል» ከሆነ፣ ሰርቨሩን አትንኩት። መጀመሪያ ስሙን አስተካክሉ። ሱቅ ስትከራዩ ውሉን በደላላው ስም አትፈርሙም። ይህም እንደዚያው ነው።

አስተዳዳሪ ደግሞ አንድ ብቻ አይሁን። ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ባለቤቱ ራሱ ይሁን። «እኔ ኮምፒውተር አላውቅም» የምትሉ አላችሁ። የባንክ ቼካችሁን የምትፈርሙት ባንክ ቤት ስለተማራችሁ አይደለም። ፓስወርዱን በወረቀት ጽፋችሁ፣ በፖስታ አሽጋችሁ፣ ከንግድ ፈቃዳችሁ ጋር ካዝና ውስጥ አስቀምጡት። ወረቀት ኋላ ቀር አይደለም። ለዚህ ሥራ ወረቀት በጣም ጥሩ ነው።

በስልክ ስለሚመጣው ኮድ ትንሽ ልጨምር። ብዙዎቻችሁ ስትገቡ በኤስኤምኤስ ቁጥር ይላክላችኋል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ያ መልእክት አይደርስም፤ ከውጭ የሚመጣው በተለይ ይዘገያል። ሲሙ ከጠፋ ደግሞ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ኮድ የሚያወጣ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። እሱ ቁጥሩን የሚያወጣው ስልኩ ውስጥ ባለ ሚስጥርና በሰዓቱ ስለሆነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ሰዓቱ ትክክል ይሁን ብቻ። ጉግል ለመጠባበቂያ 10 ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። አትሟቸውና እነሱንም እዚያው ፖስታ ውስጥ ክተቱ።

አሁን ወደ ሂሳብ እንምጣ። እስቲ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም የምትጠቀሙ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ፣ ከግማሽ በላይ ነው። ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ ግን አሁንም ፒችትሪ ነው የምንለው፣ ብዙዎቻችንም የምንሠራው በድሮው ነው። እዚህ ላይ በጣም ልብ በሉ። ፒችትሪ ለቢሮ ውስጥ ኔትወርክ የተሠራ ፕሮግራም ነው። የድርጅታችሁ ሂሳብ አንድ ፋይል አይደለም፤ አንድ ፎልደር ውስጥ ያሉ ብዙ ፋይሎች ናቸው። ሂሳብ ሠራተኛዋ ስትሠራ ሁሉም በአንድነት ይከፈታሉ። ያንን ፎልደር ጎትታችሁ የክላውድ ማስቀመጫ በሆነው ጉግል ድራይቭ ወይም ዋንድራይቭ ውስጥ ብትከቱት፣ ፕሮግራሙ እየጻፈ ሳለ ድራይቩ ደግሞ ይቀዳል። አንዱ ፋይል አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ ምንም አይታይም። አንድ ቀን ግን ሂሳቡ አልከፈት ይላል፤ ወይም ይከፈትና ቁጥሩ አይገጥምም። የግብር ማሳወቂያ ሳምንት ላይ ይህ የደረሰበት ሰው አውቃለሁ። አስራ አንድ ቀን እንቅልፍ አልነበረውም።

ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። ማታ ሥራ ሲያልቅ ሁሉም ሰው ከፒችትሪ ይውጣ። ከዚያ ከራሱ ከፕሮግራሙ ባክአፕ ይወሰድ። የሚወጣው አንድ የታሸገ ፋይል ነው። ወደ ድራይቭ የሚሄደው እሱ ነው፤ ቀኑ ስሙ ላይ ተጽፎ። በወር አንዴ ደግሞ ያንን ባክአፕ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አለኝ አትበሉ። ሌላው ኮምፒውተር ላይ ያለው ፒችትሪ ከባክአፑ የቆየ ከሆነ እንደማይከፍተው ደግሞ አትርሱ።

ለባክአፕ ብለው ፋይላቸውን ቴሌግራም ላይ ለራሳቸው የሚልኩ አሉ። አልነቅፍም፤ ከምንም ይሻላል። ግን ያ የግል አካውንት ነው፤ የድርጅት አይደለም። ሠራተኛዋ ሥራ ስትለቅ አብሯት ይሄዳል።

ኢሜይልም የራሱ ጣጣ አለው። የድሮው የኢሜይል አሠራር ብዙ ቦታ መልእክቱን ከሰርቨሩ አውርዶ አንድ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጥና ሰርቨሩ ላይ ያለውን ያጠፋዋል። ስለዚህ «ኢሜይላችንን ወደ ክላውድ አዛወርን» ብላችሁ ስትከፍቱት ባዶ ታገኙታላችሁ። የስምንት ዓመቱ ደብዳቤ ያለው የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እሱን መጀመሪያ ፈልጉት። አድራሻው ወደ አዲሱ ሲዞር ደግሞ ዓለም በሙሉ በአንድ ደቂቃ አያውቀውም፤ አንድ ሁለት ቀን አንዳንዱ መልእክት ወደ አሮጌው ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ወዲያው አትዝጉት። ቅዳሜ ማታ ጀምሩ፤ በሥራ መካከል አይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ትንሽ ይመስላል፣ ሰው ግን ያስለቅሳል። ሠራተኛው በኮምፒውተሩ የሚገባበትን ስም ወደ ክላውድ አካውንት ስትቀይሩት፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሰው ይቆጥረዋል። ዴስክቶፑ ባዶ ይሆናል። አንዲት ካሸር ልጅ በዚህ ምክንያት ሥራዬ ሁሉ ጠፋ ብላ ስታለቅስ ደርሻለሁ። ፋይሉ አልጠፋም ነበር። በአሮጌው ስሟ ፎልደር ውስጥ እዚያው ዲስኩ ላይ ነበር። ቀድሞ የነገራት ሰው ባለመኖሩ ነው። ሰው ስታዛውሩ መጀመሪያ አስረዱት፣ ከዚያ ፋይሉን ቅዱለት፣ አሮጌውን ስም ደግሞ ለወራት አታጥፉት።

ስለ መንገዱ ጥቂት ሂሳብ እንሥራ። 150 ጊጋባይት ፋይል አላችሁ እንበል። ኢንተርኔታችሁ የሚልክበት ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜጋቢት ነው እንበል። የሚልክበት ነው ያልኩት፤ የሚቀበልበት ፍጥነት ብዙ ጊዜ ከዚያ ስለሚበልጥ በማስታወቂያ የምታዩት እሱን ነው። በዚህ ፍጥነት ያ ፋይል ሳይቋረጥ ሰባት ቀን ሊሞላ ምንም አይቀረውም። መብራት ካልሄደ፣ መስመር ካልተቆረጠ ነው ይህ። ስለዚህ ሁሉንም አትላኩ። ያለፉት ሁለት ዓመታት የሥራ ፋይል ይሂድ። የሠርግ ፎቶውና ፊልሙ ዲስክ ላይ ይቆይ። ይህን ስላቸው የሚቆጡ አሉ፤ ግን ሲጣራ ግማሹ የቢሮ ፋይል አይደለም።

መንገዱ ሲዘጋስ? የመድኃኒት ቤቷን እህት አሁን እንዴት እንደምትሠራ ልንገራችሁ። ሰርቨር የሚሉት ትልቅ ነገር አልገዛንላትም። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛን፤ ላፕቶፕ ባትሪው ዩፒኤስ ነው። ሽያጩ የሚመዘገበው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። ኢንተርኔት ሲኖር ኮፒው ወደ ክላውድ ይሄዳል። ከሌለ ሥራው አይቆምም። በየሳምንቱ ዓርብ የዋጋ ዝርዝሩ በወረቀት ይታተማል። ዲስኳ ደግሞ ሱቅ አያድርም፤ ቤቷ ይሄዳል። አንድ ኮፒ ሱቅ፣ አንድ ኮፒ ቤት፣ አንድ ኮፒ ክላውድ። ሱቁ ቢዘረፍ ክላውዱ አለ፤ መስመሩ ቢቆረጥ ሱቁ አለ። እኔ ለከተማችን ነጋዴ የምመክረው ይህንን ነው። ውድ አይደለም። ብራውዘር ላይ ብቻ የሚሠራ ሲስተም ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ሰው ካለ «መስመር በሌለ ቀን እንዴት እሸጣለሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው አትግዙ።

ያላችሁን አሮጌ ሰርቨር ግን እንዳለ ተዉት ማለቴ አይደለም። ብዙ ቦታ የማየው ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ነው። ማይክሮሶፍት ለእሱ የሚሰጠውን መደበኛ የደህንነት ማስተካከያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 አቁሟል። አዲስ ቀዳዳ ቢገኝበት በመደበኛነት የሚደፍነው የለም፤ ቫይረስ በዚያ ገብቶ ፋይሉን ሊቆልፈው ይችላል። እሱን ማሳረፍ ይገባል።

ኪራዩን በአጭሩ። የውጭዎቹ አገልግሎቶች በዶላር ነው የሚያስከፍሉት፤ በየወሩ ነው፤ በሰው ቁጥር ነው። ለአንድ ሰው 6 ዶላር የሆነ አገልግሎት ለአስር ሠራተኛ 60 ዶላር ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ስለዚህ ወጪው 3400 ብር አካባቢ ነበር። ከወራት በኋላ ዶላሩ 120 አለፈ፤ ያው አገልግሎት 7200 ብር ሆነ። ሠራተኛ አልጨመራችሁም፣ ምንም አልጨመራችሁም። ካርድ የማግኘቱም ነገር አለ። ዘመድ ከውጭ በካርዱ ይክፈልልኝ የምትሉ አላችሁ። ያ ካርድ ጊዜው ሲያልፍ አካውንታችሁ ይቆማል፤ ያኔም ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ነው። በብር የሚከፈልም አለ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ የሚለው አገልግሎት አለው። ለሁሉም ሥራ ይሆናል አልልም፤ ግን ውጭ ከመሄዳችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ። ነፃውን የጉግል አካውንት የምትጠቀሙ ደግሞ ቦታው 15 ጊጋባይት መሆኑን እወቁ። ፎቶውም፣ ፋይሉም፣ ኢሜይሉም በጋራ ነው የሚሞሉት። ከሞላ ኢሜይል መግባት ያቆማል። ለሁለት ዓመት ሳይከፈት የቆየ የግል አካውንትን ጉግል ሊሰርዘው ይችላል።

ክሊኒክና መድኃኒት ቤት ያላችሁ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው የጤና መረጃ እንደ ሲሚንቶ ዝርዝር አይደለም፤ ከአገር ውጭ ስለሚላክ መረጃም ድንጋጌ አለው። የሕግ ሰው አማክሩ።

ሠራተኛ ሥራ ሲለቅም አትቸኩሉ። አካውንቱን ያን ዕለት ዝጉት፤ ግን አትሰርዙት። የተሰረዘ አካውንት ማይክሮሶፍት ላይ በ30 ቀን፣ ጉግል የድርጅት አገልግሎት ላይ በ20 ቀን ውስጥ ካልመለሳችሁት፣ ውስጡ ያለው አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ፋይሉን ወደ ሌላ ሰው አዛውሩ።

እኔ ያለኝ ይህ ነው። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

ብዙ ጥያቄ ቀረበ፤ አንዱን ብቻ እዚህ ላስፍር። ሸዋ በር አካባቢ ፔንሲዮን ያላቸው አንዲት እናት ተነሡ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ሰማሁ። እኔ ብሞትስ? ልጆቼ ይገቡበታል ወይ?» አሉ።

«እማማ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። አሁን ባለበት አይገቡም» አልኳቸው። ኢሜይሉ በእርሳቸው ስልክ ብቻ የሚከፈት የግል ጂሜይል እንደሆነ ነገሩኝ። ጉግል አካውንቱ ከ3 እስከ 18 ወር ሳይነካ ከቆየ ለመረጡት ሰው የሚያሳውቅና መረጃውን የሚያካፍል ቅንብር አለው። ግን ፔንሲዮን 3 ወር አይጠብቅም። የድርጅት አካውንት ቢሆንና ልጃቸው ሁለተኛ አስተዳዳሪ ብትሆን በማግሥቱ ሥራው ይቀጥላል።

እሳቸውም ዞር ብለው «ነይ እስቲ» አሉ። ልጃቸው ከኋላ ወንበር ተነሥታ መጣች። ስልካቸውን ለእኔ አቀበሉኝ፤ እኔ ለልጅቷ ሰጠኋት። ሌላው ሰው ቡና ሊጠጣ ሲወጣ እኛ ሦስታችን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረን። ልጅቷ የመጠባበቂያ ኮዶቹን አንድ በአንድ እየጠራች፣ እናትየው በራሳቸው እጅ ጻፏቸው።